ኮስቲክ ሶዳ በኩባያ አይሰፈርም

ለተከበራችሁ የዝግጅት ክፍል ባልደረቦች፤

ሳሙናና ሻማ በቤት ውስጥ ስለ መሥራት የሚሰጡ ምክሮች እየበዙ ነው፤ ይህም የሚያስደስት ነገር ነው። የሚያሳስበኝ አብዛኞቹ «አንድ ኩባያ ኮስቲክ ሶዳ፣ አምስት ኩባያ ዘይት፣ ከዚያ በደንብ አማስሉ» በሚል ልክ መቅረባቸው ነው። በዚህ ልክ የተሠራ ሳሙና አንድ ቀን ያምራል፣ ሌላ ቀን ቆዳ ይልጣል፤ ሠሪውም ምን እንዳጠፋ አያውቅም። ስለዚህ በጋዜጣችሁ የሚወጣ ማንኛውም የሳሙና አሠራር በግራም ተመዝኖ እንዲቀርብ እጠይቃለሁ። ምክንያቱንና አሠራሩን ከዚህ በታች አቅርቤአለሁ።

ዘይትን ወደ ሳሙና የሚለውጠው የሚያቃጥል ኬሚካል፣ ኮስቲክ ሶዳ፣ አንዳንዱ ቅርፊት፣ አንዳንዱ ጥቃቅን እንክብል ሆኖ ይሸጣል። ቅርፊቱ በመሃሉ ብዙ አየር ስለሚይዝ በአንድ ኩባያ የሚገባው ከእንክብሉ ያነሰ ነው። አንዱ ሰው በቅርፊት ሞክሮ የተሳካለትን ልክ ሌላው በእንክብል ሲሠራው ሳሙናው ውስጥ የሚተርፍ ኮስቲክ ሶዳ ይኖራል። ሚዛን ላይ ግን 100 ግራም ያው 100 ግራም ነው። ዘይቱም ሆነ ውሃው በሚዛን ይለካል እንጂ በሊትር አይለካም።

ከዚህ የሚብሰው ስሕተት ዘይት መቀያየር ነው። እያንዳንዱ ዘይት ወደ ሳሙናነት ለመለወጥ የሚፈልገው የኮስቲክ ሶዳ መጠን የተለያየ ነው። ለ100 ግራም የወይራ ዘይት 13.4 ግራም፣ ለሱፍ ዘይት 13.5፣ ለፓልም ዘይት 14.1፣ ለከብት ሞራ 14፣ ለጉሎ ዘይት 12.8፣ ለኮኮናት ዘይት ደግሞ 18.3 ግራም ያስፈልጋል። የኮኮናት ዘይት ከሁሉም በጣም እንደሚበልጥ ልብ ይሏል።

ለጀማሪ የሚሆን አንድ ልክ እነሆ፦ የወይራ ዘይት 500 ግራም፣ የኮኮናት ዘይት 300 ግራም፣ የፓልም ዘይት ወይም ሞራ 200 ግራም። ስሌቱ ቀላል ነው። የወይራው 67 ግራም፣ የኮኮናቱ 54.9፣ የፓልሙ 28.2 ሲደመር 150.1 ግራም ኮስቲክ ሶዳ ይመጣል። ይህን ሁሉ አንጨምርም። ጥቂት ዘይት ሳሙና ሳይሆን እንዲቀርና ቆዳ እንዳይደርቅ ከመቶ 5 እንቀንሳለን፤ 142 ግራም ይሆናል። ውሃው የኮስቲክ ሶዳው እጥፍ፣ ማለትም 285 ግራም ያህል ነው።

አሁን አንድ ሰው የኮኮናት ዘይት አጥቶ በምትኩ 300 ግራም የሱፍ ዘይት አደረገ እንበል። ሌላው ሁሉ ያው ነው፤ ኮስቲክ ሶዳውም 142 ግራም። አዲሱ ቅልቅል ሙሉ ለሙሉ ሳሙና ለመሆን የሚፈልገው ግን 135.7 ግራም ብቻ ነው። 6 ግራም የሚሆን ኮስቲክ ሶዳ የሚያያዝበት ዘይት ሳያገኝ ሳሙናው ውስጥ ይቀራል። መልኩ ያው፣ ሽታውም ያው ነው፤ ፊት ላይ ሲደረግ ግን ያቃጥላል። ዘይት ከተለወጠ ስሌቱ ከመጀመሪያው ይሠራል፤ ሌላ መንገድ የለውም።

የሱፍ ዘይት ሌላም ጣጣ አለው። ብዙ ከተደረገበት ሳሙናው ለስላሳ ይሆናል፣ ከወራት በኋላም ብርቱካናማ ነጠብጣብ ያወጣና የተበላሸ ዘይት ይሸታል። ከጠቅላላው ዘይት ከመቶ 15 ባያልፍ ይመረጣል። የኮኮናት ዘይት ጠንካራ ሳሙናና ብዙ አረፋ ይሰጣል፤ ከመቶ 30 በላይ ሲሆን ግን ቆዳን ያደርቃል። የጉሎ ዘይት ከመቶ 5 እስከ 8 ቢጨመር አረፋው ቶሎ እንዳይጠፋ ይረዳል፤ ሲበዛ ሳሙናውን ያጣብቃል። በወይራ ዘይት ብቻ የተሠራ ሳሙና ለስላሳ ቆዳ ደኅና ነው፤ ለመጠንከር ግን ወራት ይፈልጋል።

ሚዛኑ ቢያንስ አንድ ግራም የሚለይ ይሁን። ከላይ በተሰጠው ልክ ያለን መጠባበቂያ ከመቶ 5 ብለን የቀነስነው 8 ግራም ያህል ኮስቲክ ሶዳ ብቻ ነው፤ አምስት ግራም የሚዋዥቅ ሚዛን አብዛኛውን ይበላዋል። ከ500 ግራም ዘይት በታች መሥራት የማልመክረውም ለዚሁ ነው፤ ልኩ ባነሰ ቁጥር ትንሹ የሚዛን ስሕተት ትልቅ ይሆናል። ኮስቲክ ሶዳው ንጹሕ ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ መሆኑ ማሸጊያው ላይ መጻፍ አለበት። ለተዘጋ የፍሳሽ ቧንቧ የሚሸጡ አንዳንድ ዱቄቶች የአልሙኒየም ቁርጥራጭና ሌላ ኬሚካል ስላለባቸው ለሳሙና አይሆኑም። ክዳኑ ተከፍቶ የቆየ ኮስቲክ ሶዳም ከአየር እርጥበትና ካርቦን ዳይኦክሳይድ እየሳበ ይደክማል፤ ተጋግሮ ድንጋይ ከሆነ አትመኑት። ለፈሳሽ ሳሙና የሚውለው ፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ ቁጥሩ ሌላ ነው፤ አንዱን በሌላው ቦታ መተካት አይቻልም።

ዕቃን በሚመለከት የማይዝግ ብረት ወይም ሙቀት የሚችል ወፍራም ፕላስቲክ ተጠቀሙ፤ ከፕላስቲኮች በሥሩ ባለ ሦስት ማዕዘን ውስጥ 5 ቁጥር ያለበት ይሆናል። የአልሙኒየም ድስት ፈጽሞ አይቀርብም፤ ኮስቲክ ሶዳ አልሙኒየምን እየበላ ሃይድሮጅን የተባለ በቀላሉ የሚቀጣጠል ጋዝ ያወጣል። ብርጭቆም ውሎ አድሮ እየተቦረቦረ በድንገት ይሰነጠቃል። የእንጨት ማማሰያ ደግሞ ቃጫው እየለቀቀ ሳሙናው ውስጥ ይገባል። ለዚህ ሥራ የዋለ ዕቃ ወደ ምግብ ማብሰያነት ባይመለስ ጥሩ ነው።

የእጅ ጓንት፣ ዓይንን ከጎንም ከፊትም የሚሸፍን መነጽር፣ ረጅም እጅጌ ያለው ልብስና የተሸፈነ ጫማ አድርጋችሁ መስኮት ክፈቱ። ልጆችና የቤት እንስሳት ከክፍሉ ይውጡ። ቀዝቃዛ ውሃውን ቀድማችሁ ዕቃው ውስጥ አድርጉና ኮስቲክ ሶዳውን በጥቂት በጥቂቱ እየነሰነሳችሁ አማስሉ። ኮስቲክ ሶዳ ውሃው ላይ ይጨመራል እንጂ ውሃ ኮስቲክ ሶዳ ላይ አይፈስም፤ ተገልብጦ ከተሠራ ከላይ የነካው ውሃ ባንዴ ፈልቶ ፊት ላይ ይረጫል። ሙቅ ውሃ መጠቀምም እንዲሁ አደገኛ ነው። ውህዱ በራሱ ከ80 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ሊሞቅና እንፋሎት ሊያወጣ ይችላል፤ ያን እንፋሎት አትተንፍሱት። መጀመሪያ ይደፈርሳል፣ ቆይቶ ይጠራል።

ከጠራ በኋላ ተራ ውሃ ይመስላል፤ ትልቁ አደጋም ይህ ነው። በውሃ ወይም በለስላሳ መጠጥ ጠርሙስ ፈጽሞ አይቀመጥ። የሚቀመጥበትም ዕቃ ላይ «መርዝ» ተብሎ በትልቁ ይጻፍበት። ሰው ቢጠጣው ጉሮሮን ያቃጥላል፤ ለማስታወክ መሞከር ደግሞ ሁለተኛ ጊዜ ማቃጠል ነው፤ አፍን በውሃ አጉመጥምጦ ወዲያው ወደ ሐኪም መሄድ ነው። ቆዳን ከነካ የነካውን ልብስ አውልቆ በሚፈስ ውሃ ለረጅም ጊዜ ማጠብ፤ ዓይን ከሆነ የዓይኑን ቆብ ከፍቶ ቢያንስ 20 ደቂቃ ማጠብና ሳይውል ሳያድር መታየት ያስፈልጋል። ኮምጣጤ ቁስል ላይ አይፈስም። ኮምጣጤ የሚጠቅመው ሥራው ካለቀ በኋላ ጠረጴዛና ወለል ለመወልወል ነው።

የጠነከሩትን ዘይቶች በዝግታ አቅልጡና ከፈሳሾቹ ጋር ቀላቅሉ። ዘይቱም የኮስቲክ ሶዳው ውሃም ከ38 እስከ 45 ዲግሪ ሲደርሱ ውሃውን በወንፊት አሳልፋችሁ ዘይቱ ላይ ጨምሩ። በእጅ የሚያዝ ብሌንደር ካለ እያበራችሁ እያጠፋችሁ፣ በመሃል በጠፋው ብሌንደር እያማሰላችሁ ቀጥሉ፤ ብዙ ጊዜ ከአምስት ደቂቃ አይዘልም። በእጅ ብቻ ከሆነ እስከ አንድ ሰዓት ሊፈጅ ይችላል። የሚጠበቀው ምልክት ግልጽ ነው፦ ማንኪያውን አንሥታችሁ ስታንጠባጥቡት ጠብታው ላዩ ላይ መስመር ሠርቶ ለጥቂት ሰከንድ ሳይሰምጥ ይቆያል፤ በጠርዙም የዘይት ጅረት አይታይም።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይታለላል። ዘይቱ በጣም ቀዝቅዞ ከነበረ ሞራው ወይም ፓልሙ መልሶ ስለሚረጋ ቅልቅሉ የወፈረ ይመስላል። ሳሙና ሆኖ ግን አይደለም። ቅርጽ ማውጫው ውስጥ ገብቶ ሲሞቅ እንደገና ይቀልጥና ዘይቱ ከላይ፣ የኮስቲክ ሶዳው ውሃ ከሥር ይሆናል። ጥርጣሬ ካለ ዕቃውን ሞቅ ባለ ውሃ ላይ አስቀምጦ ትንሽ ማማሰል ነው፤ ከሳሳ ገና ነው ማለት ነው።

ሽታ የሚሰጥ የተክል ዘይት የሚጨመረው በዚህ ጊዜ ነው፤ ለ1000 ግራም ዘይት ከ20 እስከ 30 ግራም ይበቃል። አንዳንዱ ሽቶ፣ በተለይ የቅርንፉድ ዘይት፣ ቅልቅሉን በሰከንዶች ውስጥ ያደርቀዋል። ስለዚህ ቅልቅሉ ገና ቀጭን ሳለ ጨምራችሁ ብሌንደሩን ትታችሁ በማንኪያ አማስሉ። ማርና ወተት ሙቀት ይጨምራሉ፤ ከተደረጉ ሳሙናውን በጨርቅ መሸፈን አያስፈልግም፣ አለበለዚያ መሃሉ አብጦ ይሰነጠቃል፣ አንዳንዴም ገንፍሎ ይወጣል።

25 ሴንቲ ሜትር ርዝመት፣ 8 ወርድና 8 ቁመት ያለው በዘይት ወረቀት የተሸፈነ የእንጨት ሳጥን ይህን ልክ ይይዛል። ከ24 እስከ 48 ሰዓት ከቆየ በኋላ ጣት ሲጫነው የማይሰረጉድ ከሆነ በጓንት አውጥታችሁ 2.5 ሴንቲ ሜትር እያደረጋችሁ ቁረጡት፤ አሥር ፍሬ ይወጣል። ከዚያ አየር በሚያገኝ፣ ፀሐይ በማይመታው መደርደሪያ ላይ አራራቆ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ማቆየት ነው። ሳሙናነቱ በአብዛኛው በሁለት ሦስት ቀን ያልቃል፤ የሚጠበቀው ውሃው እንዲተንና ሳሙናው እንዲጠነክር ነው። አንዱን ፍሬ በየሳምንቱ መዝኑት፤ ክብደቱ መቀነሱን ሲያቆም ደርሷል።

ላዩ ላይ ነጭ አመድ የመሰለ ነገር ብታዩ አትደንግጡ፤ ከአየሩ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋር የተዋሐደ ኮስቲክ ሶዳ ነው፣ ተፍቆ ወይም በውሃ እንፋሎት ይነሣል። ሲቆረጥ ውስጡ ጠጣር ነጭ ቋጠሮ ወይም የሚፈስ ጥርት ያለ ጠብታ ከታየ ግን ሌላ ጉዳይ ነው፤ ያልተዋሐደ ኮስቲክ ሶዳ አለ ማለት ነው። እንደ ኖራ የሚፈረፈር ሳሙናም ብዙውን ጊዜ የኮስቲክ ሶዳ ብዛት ምልክት ነው። የዘይቱና የኮስቲክ ሶዳው ክብደት በትክክል ከተጻፈ ማዳን ይቻላል፦ ሳሙናውን ፍቆ፣ የጎደለውን ዘይት አስልቶ ጨምሮ፣ ትንሽ ውሃ አክሎ በዝግተኛ እሳት አንድ ወጥ እስኪሆን ማብሰል ነው። ክብደቱ ካልተጻፈ ግን የሚሰላ ነገር የለም፤ ለገላ አይሆንም። በሠራችሁ ቁጥር እያንዳንዱን ክብደት በደብተር ያዙ የምለው ለዚህ ነው።

የፒኤች ወረቀት (አሲድነትን የሚለካ፣ 7 ሲሆን ገለልተኛ የሚባል) ነክረው 9 ወይም 10 ሲያዩ የሚጨነቁ ሰዎች አሉ። እውነተኛ ሳሙና ልኩ እዚያ አካባቢ ነው፤ 7 ሊሆን አይችልም። ለማውረድ ብለው ሎሚ ወይም ኮምጣጤ የተዘጋጀ ሳሙና ላይ ሲጨምሩ ሳሙናው ፈርሶ ወደ ቅባትነት ይመለሳል። ውሃው ከባድ በሆነበት ቦታ አረፋው ቢያንስም ጥፋቱ የሠሪው አይደለም፤ ካልሲየሙና ማግኒዢየሙ ከሳሙናው ጋር ተያይዘው ነጭ ዝቃጭ ስለሚሠሩ ነው።

ሳሙናና ሻማ አብረው መነሣታቸው በአጋጣሚ አይደለም። ፈረንሳዊው ኬሚስት ሚሼል ዩጂን ሼቭረል ሳሙናን ሲመረምር ቅባት ከአሲዶችና ከግሊሰሪን የተሠራ መሆኑን አሳየ፤ ከዚያም እ.ኤ.አ. በ1825 ከሌላው ፈረንሳዊ ኬሚስት ከጌ ሉሳክ ጋር ሆኖ ከቅባት በተለየው ስቴሪክ አሲድ ለሚሠራ ሻማ የፈጠራ መብት አወጣ። ዛሬም ፓራፊን ሰም ላይ ከመቶ 10 ያህል ስቴሪክ አሲድ ቢጨመር ሻማው ይጠነክራል፣ ከቅርጽ ማውጫውም በቀላሉ ይለቃል።

በሻማ ሥራ ዋናው ነገር ክሩ ነው። የሚነደው ክሩ ይመስለናል እንጂ ነዳጁ ሰሙ ነው፤ ቀልጦ በክሩ ይወጣና ተንኖ ይነዳል። ክሩ ከቀጠነ ነበልባሉ በቀለጠው ሰም ይሰምጣል ወይም መሃሉን ብቻ ጉድጓድ እየቆፈረ ይወርዳል። ከወፈረ ነበልባሉ ይረዝማል፣ ይወዛወዛል፣ ጥቀርሻ ያወጣል፣ ጫፉም ላይ ጥቁር እብጠት ይሠራል። የንብ ሰም ሲቀልጥ ወፈር ስለሚል ለተመሳሳይ ዕቃ ከፓራፊን የበለጠ ወፍራም ክር ይፈልጋል። ክሩ የተጎነጎነ ጥጥ ይሁን፤ ጉንጉኑ ሲነድ ስለሚታጠፍ ጫፉ ነበልባሉ ጠርዝ ላይ ደርሶ ራሱን ያቃጥላል። ናይለን የተቀላቀለበት ክር አይሆንም። በውስጡ ብረት ያለበት ክር ካገኛችሁ ብረቱን ነጭ ወረቀት ላይ አሹት፤ ግራጫ መስመር ከተወ የእርሳስ ማዕድን ሊሆን ስለሚችል ጣሉት። እንዲህ ያለው ክር መርዛማ ጭስ ስላለው በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2003 ታግዷል።

ክሩን በቀለጠ ሰም ውስጥ ነክራችሁ አየሩ በአረፋ እስኪወጣ ቆዩ፤ ከዚያ ቀጥ አድርጋችሁ አድርቁት። የሰሙን መጠን ለማወቅ ዕቃውን እስከሚፈለገው ከፍታ በውሃ ሙሉና ውሃውን መዝኑ፤ በ0.9 ሲባዛ የሰሙ ክብደት ነው። 200 ግራም ውሃ የያዘ ብርጭቆ 180 ግራም ሰም ይፈልጋል። ዕቃውን በደንብ አድርቁት፤ የቀረች የውሃ ጠብታ ሻማው ሲነድ ታንጣጣለች።

ሰም በቀጥታ እሳት ላይ አይጣድም። ውሃ በፈላበት ድስት ውስጥ በተቀመጠ ሌላ ዕቃ ይቀልጥ፤ ቴርሞሜትርም ይኑር። የንብ ሰም ከ62 እስከ 64 ዲግሪ ይቀልጣል፤ የሻማ ፓራፊን እንደ ዓይነቱ ከ50 እስከ 65 ባለው መካከል ነው። ከ85 ዲግሪ ማሳለፍ አያስፈልግም። ሰም ከመጠን በላይ ሲሞቅ ሳይፈላ፣ ሳያስጠነቅቅ በእሳት ይያያዛል። ከተያያዘ ምድጃውን አጥፍቶ በክዳን ማፈን ነው። ውሃ ከተደፋበት ውሃው በቅጽበት ተንኖ የሚነደውን ሰም ወደ ጣሪያ ይረጨዋል። እየቀለጠ ሳለ ጥሎ መሄድ የለም።

ሽቶ ከሰሙ ክብደት ከመቶ 6 አይለፍ፤ ለ180 ግራም ሰም 11 ግራም ያህል ነው። ሲበዛ ላዩ ላይ ላብ ይመስላል፣ እሳቱንም ያበላሻል። ለቀለም የሻማ ቀለም ብቻ ነው የሚሆነው። የምግብ ቀለም በውሃ ስለተበጠበጠ ሥር ይዘቅጣል፤ የልጆች የሰም እርሳስ ደግሞ ክሩን ይደፍናል።

ፓራፊኑ ከ70 እስከ 80 ዲግሪ ሳለ ሞቅ ባለ ዕቃ ውስጥ ቀስ ብላችሁ አፍስሱ፤ ጥቂት ሰም ግን አስቀሩ። ሰም ሲቀዘቅዝ ስለሚኮማተር በክሩ ዙሪያ ጉድጓድ ይሠራል፤ ላዩ ሲረጋ በቀጭን እንጨት ወጋ ወጋ አድርጋችሁ ያስቀራችሁትን ከመጀመሪያው በ5 ዲግሪ አሙቃችሁ ሙሉበት። ማቀዝቀዣ ውስጥ ማስገባት መሰንጠቅ ያመጣል።

አንድ ሻማ ሳትፈትኑ አሥር አትሥሩ። ክሩን 5 ሚሊ ሜትር አስቀርታችሁ ቁረጡት፤ ለኩሱትና ለእያንዳንዱ 2.5 ሴንቲ ሜትር የዕቃው ስፋት አንድ ሰዓት ያህል ይንደድ። በዚያ ጊዜ የቀለጠው ሰም ጠርዝ ካልደረሰ ክሩን በአንድ ደረጃ አወፍሩ፤ ከጊዜው ቀድሞ ደርሶ ጥቀርሻ ካወጣ አቅጥኑ። በብርጭቆ የተሠራ ሻማ ከሥሩ አንድ ሴንቲ ሜትር ሰም ሲቀር ይጥፋ፤ ከዚያ በኋላ ሙቀቱ የብርጭቆውን ሥር ይሰነጥቀዋል። የተረፈውን ሰም ቧንቧ ውስጥ አትድፉት፤ ወረቀት ላይ አፍስሳችሁ ሲረጋ ለሚቀጥለው አቆዩት።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ አንባቢያችሁ